ከውሉ የወጣው ምክንያት

ነቀምቴ ውስጥ «ይህን እኔ ሠራሁት» ብዬ በጣቴ የማሳየው ሕንፃ የለኝም። ዕድሜዬን ሙሉ በግንባታ መሥሪያ ቤት ኖሬ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አላስቀመጥኩም። የእኔ ሥራ መጻፍ ነበር። ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ከመሠራቱ በፊት ሰዎቹ ምን እንደጠየቁ፣ መሐንዲሱ ምን እንደወሰነ፣ ለምን እንደወሰነ ጽፌ ከውሉ ጋር አያይዝ ነበር። ጡረታ ስወጣ ጎረቤቴ «ወረቀት ስትገለብጪ ኖረሽ አሁንስ እፎይ አልሽ» አለችኝ። አልተቀየምኳትም። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ስለ ሥራዬ ከእሷ የተሻለ አያውቅም ነበር።

በሽኝቴ ቀን ጋቢ ደረቡልኝ፤ በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀትም ሰጡኝ። ኃላፊው ባደረገው ንግግር «ወይዘሮ ትርሲት በእጃቸው ያለፈ ፋይል ጎድሎ አያውቅም» አለ። ቀና ብዬ አላየሁትም። ፋይል አልጎደለም፤ ሰው ነው የጎደለው። ይህን የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

አባቴ ከጎጃም ዓባይን ተሻግሮ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። እኔ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ስወጣ ኦሮምኛ፤ የትኛው አፌን እንደፈታ ብጠየቅ መልስ የለኝም። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በድራፍቲንግ፣ በንድፍ ማስመር ሙያ ስመረቅ ዘመኑ የደርግ ነበርና የመንግሥት እርሻ ወዳለበት ወደ አንገር ጉቲን ተመደብኩ። የነቀምቴን አየር የለመደ ሰው እዚያ ቆላ ሲወርድ መጀመሪያ ሙቀቱ ይቀበለዋል፣ ከዚያ ወባው። ቢሯችን ቆርቆሮ ለበስ ስለነበር ረፋዱ ላይ ላባችን ወረቀቱ ላይ ተንጠባጥቦ ቀለሙን ያጨማልቀዋል። የተሳሳተ መስመር የሚጠፋው በምላጭ ተፍቆ ነው። እጅ ትንሽ ከከበደ ወረቀቱ ይቀደድና የሦስት ቀን ሥራ እንደ አዲስ ይጀመራል። ደመወዙን ባልናገረው ይሻላል።

ኦቦ ገመቹን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። የንድፍ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ መጠጥ የማይቀምሱ። ኪሳቸው ከተቆላ ሽምብራ ተለይቶ አያውቅም። ሲናደዱ አይጮኹም፤ ሽምብራውን አውጥተው ቀስ ብለው ያኝካሉ። እኛም የሽምብራውን ድምፅ ስንሰማ አንገታችንን እንደፋለን።

መጀመሪያ የሰጡኝ ሥራ የእህል መጋዘን ንድፍ ነበር። አምሮ የተሠራ መስሎኝ በኩራት ዘርግቼ አሳየኋቸው።

«በሩን ወደዚህ ያዞርሽው ማሊፍ?» አሉኝ። ማሊፍ በኦሮምኛ ለምን ማለት ነው። አማርኛቸው የጠራ ነበር፤ ይህችን አንዲት ቃል ግን ወደ አማርኛ መልሰዋት አያውቁም።

«መንገዱ በዚያ በኩል ስለሆነ ነው።»

«ዝናቡስ በየት በኩል ነው የሚመታው?»

አላውቅም ነበር። ሽምብራ አወጡ።

«ሂጂና ጠይቂ። የነገረሽን ሰው ስም ጻፊ፣ ያለሽንም ጻፊ። ከዚያ መጥተሽ መስመርሽን ታሰምሪያለሽ።»

የመጋዘኑን ኃላፊ ጠየቅኩት። አሮጌው መጋዘን በሩ ወደ መንገዱ ስለሆነ የሐምሌ ዝናብ እየገረፈ ይገባና በር አካባቢ የተከመረው ሰሊጥ በየዓመቱ ይሻግታል አለኝ። በሩን ወደ ጓሮ አዞርኩት። ኦቦ ገመቹ ምክንያቱን ከንድፉ ዳር ላይ በራሴ እጅ አስጻፉኝ። በኋላ አዲስ የእርሻ ሥራ አስኪያጅ መጣና «ጀርባውን ለመንገድ የሰጠ መጋዘን የት ታየ!» ብሎ በሩን የሚያዞር ግንበኛ ጠራ። ግንበኛው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ንድፉን ሲዘረጉለት ሥራ አስኪያጁ ዳሩን አነበበና ሰውየውን መለሰው። እኛ በቦታው አልነበርንም፤ የተከራከረውም ሰው የለም። ጽሑፍ ባለቤቱ በሌለበት ቆሞ እንደሚሟገት ያኔ ገባኝ።

መንግሥት ሲለወጥ እርሻው ተበተነና ሁለታችንም በየተራ ነቀምቴ ገባን። እኔ ከንድፍ ጠረጴዛ ወደ ውል ክፍል ተዛወርኩ። ኮምፒዩተር መጥቶ ምላጩንም የሚሸተውንም ቀለም ስላስቀረልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ኦቦ ገመቹ የንድፍ ክፍሉን ያዙ። በእነዚያ ዓመታት አብረን ያልዞርንበት የወለጋ ከተማ ጥቂት ነው። ስብሰባው በኦሮምኛ ይካሄዳል፤ የትልልቁ ሥራ ውል በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ጠብ ሲነሣ ግን ሁሉም አፉ ባመጣለት ነው። አንድ ሐሳብ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር ምን እንደሚንጠባጠብ የማየው እኔ ነበርኩ።

ኦቦ ገመቹ አንዳንድ ቃላትን እንደ ጠላት ያሳድዱ ነበር። «በቂ መብራት» ብዬ ስጽፍ ይሰርዙና «ለማን ነው የሚበቃው? ለሚያነበው ተማሪ ነው ወይስ ለሚተኛው ዘበኛ?» ይሉኛል። «ሰፊ በር» ስል «ምን ይዞ የሚገባ ሰው ነው?» ይላሉ። ከሁሉ የሚጠሉት «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለውን ነበር፤ የሌባ በር ይሉታል። አንድ ሰው ሐሳቡን ሲናገር እስኪጨርስ አያቋርጡትም። ሲጨርስ ያለውን በራሳቸው አባባል መልሰው ይነግሩትና «እንዲህ ነው ያልከው?» ብለው ይጠይቃሉ። እሺ ሳይባሉ አንዲት ፊደል አያስጽፉኝም። ከዚያ ደግሞ የጻፍኩትን ጮክ ብዬ እንዳነብ ያደርጉኛል። መሐንዲሶቹ ጊዜ አባካኝ ይሏቸው ነበር። ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ ያልመረጡትንም ያስጽፉኛል። «ይህን መንገድ አይተነዋል፤ የተውነው በዚህ ምክንያት ነው» የሚል። «ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሰው ከእኛ ያነሰ አይደለም» ይሉ ነበር። «እኛ ያየነውን እሱም ያየዋል። የተውንበትን ካልነገርነው እንደ አዲስ አግኝቼዋለሁ ብሎ ያነሣዋል።» ይህን ሁሉ የያዘው ጽሑፍ ከውሉ ጀርባ ይያያዛል፤ በውሉ ውስጥም የውሉ አካል ነው የሚል አንቀጽ እናስገባለን።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የከተማዋን ስም አልጽፍም፤ ከጊምቢ አልፎ፣ ቡና የሚለቀምባት፣ ኮረብታ ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ከተማ ናት። ጤና ጣቢያው ውስጥ የእናቶች ማቆያ ሊሠራ ነበር። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጥ እስኪይዛቸው የሚያርፉበት ቤት ነው። ነዋሪውን ለማነጋገር ወረድን። አዳራሹ ውስጥ ወንዶቹ ፊት ተቀምጠው ስለ አጥርና ስለ በር፣ ስለ ምረቃው ቀንም ሳይቀር ተናገሩ። ሴቶቹ ኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ነበር።

ኦቦ ገመቹ ባርኔጣቸውን አወለቁና «አመሰግናለሁ ወንድሞቼ፤ ከእናንተ ውስጥ እዚያ ቤት የሚወልደው የትኛው ነው?» አሉ። ሳቅ ሆነ። ከዚያ ወንበራቸውን አንሥተው ወደ ኋላ ሄዱና ሴቶቹ መካከል ተቀመጡ።

አዴ ጫልቱ የተናገሩት ያኔ ነው፤ አዴ በኦሮምኛ ለእናት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚበልጡ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሠሩ ባለ ቡና ሴት ነበሩ። ገንፎ የሚገነፋበት ማድቤት እንፈልጋለን አሉ። አጃቢዋ የምትተኛበትም ይኑር አሉ። ቀጥለው በመስኮቱ በኩል አሳዩን። ከማዋለጃው ክፍል አጠገብ፣ ከኮረብታው ሥር፣ ሳር የለበሰ የተስተካከለ ሜዳ ነበር።

«እዚያ ሜዳ ላይ እንዳትሠሩ» አሉ። «ክረምቱ ሲገፋ ከላይ ውሃ ይፈልቅበታል። የአማቴ በረት እዚያ ነበር። አንድ ክረምት ኮረብታው ከላይ ለቀቀና በረቱን ከነከብቱ ይዞት ወረደ። ከዚያ ወዲህ ማንም ጎጆ አልቀለሰበትም።»

ኦቦ ገመቹ መልሰው ነገሯቸው፤ እኔም ጽፌ አነበብኩ። አዴ ጫልቱ ማንበብ ባይችሉም ተጠግተው ወረቀቱን አዩት።

«የሜዳው ነገር የትኛው ጋ ነው?» አሉኝ።

አሳየኋቸው። ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው ትንሽ ቆዩና «ገለቶሚ» ብለው ተመለሱ። አመሰገኑኝ ማለት ነው።

ንድፉ ሲወጣ ማቆያው ከግቢው ወዲያኛው ጫፍ፣ ዓለት ላይ ተደረገ። ከዚያ እስከ ማዋለጃው ባለ ጣሪያ መተላለፊያ ተጨመረ። ወረቀቱን ብቻ ለሚያይ ሰው ንድፉ ቂላቂል ይመስላል፤ ማዋለጃው አጠገብ ያለውን ሜዳ ባዶ ትቶ ቤቱን ሩቅ ወስዷል። ስለዚህ ምክንያቱ ከአዴ ጫልቱ ስም ጋር ተጻፈ፤ ሜዳው ለምን እንደተተወም ተጻፈ።

በጀት ባለመኖሩ ንድፉ መደርደሪያ ላይ ቆየ። በዚህ መካከል ነው ያ ክርክር የመጣው። የአንድ ትምህርት ቤት ግንባታ ላይ ተቋራጩ መሠረት ሲቆፍር ያልጠበቀው ረግረግ ገጠመውና ካሳ ጠየቀ። ማስረጃ ያደረገው የእኛኑ ጽሑፍ ነው። «መሬቱ የተመረመረው በሁለት ጉድጓድ ብቻ ነው፤ ለተጨማሪ ቁፋሮ ጊዜ ስላልነበረ» ብለን ጽፈን ነበር። እውነቱን ነው የጻፍነው። ጉዳዩ በሽምግልና ታይቶ ተፈረደብን።

የዚያን ጊዜው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ደረጀ ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጉቦ አይበላም፤ ሠራተኛ ሲታመም ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቃል። ግን ወደ ክልል ተጠርቶ ተወቅሶ ተመለሰ። በማግስቱ ሰበሰበንና ከዛሬ ጀምሮ የውሳኔ ምክንያት ከውል ጋር አይያያዝም አለ።

«ውል ምን ይሠራ ነው የሚለው» አለ። «ለምን ይሠራ የሚለው የቤታችን ጉዳይ ነው። ምክንያቱን ጽፎ የሚሰጥ ለከሳሹ ብዕር አቀበለ ማለት ነው።»

ኦቦ ገመቹ ተነሡ። «ልጄ፣ የተፈረደብን ስለጻፍን ነው?» አሉት።

«ታዲያ በምን ነው?»

«ጉድጓድ ስላልቆፈርን ነው። ባንጽፈውም ረግረጉ እዚያው ነበር።»

አቶ ደረጀ ተከታዩን አጀንዳ ጠራ። እኛ ግን የሽምብራውን ድምፅ ሰማን።

ኦቦ ገመቹ ጥቂት ወራት ቆይተው ጡረታ ወጡ። ወዲያው መዋቅር ተለወጠና የንድፍ ክፍሉ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሄደ፤ ወረቀቱም በማዳበሪያ ጆንያ ተጭኖ አብሮ ሄደ። የእናቶች ማቆያው በጀት ሲመጣ ውሉ የተፈረመው በአዲሱ ደንብ ነው፤ ንድፍ፣ የሥራ ዝርዝር፣ ዋጋ። ለምን የሚል መስመር አልነበረበትም።

ሥራውን እንዲቆጣጠር የተላከው ኢንጂነር ናኦል ነበር። የነቀምቴ ልጅ፣ የሰባኪ ልጅ፣ ብርቱ፣ ከተቋራጭ እጅ ውሃ የማይቀበል። ሳይቱን አይቶ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። የለውጥ ሐሳብ ይዞ መጣ፤ ማቆያው ሜዳው ላይ ይሁን፣ መተላለፊያው ይቅር፣ በተረፈው ሁለት ክፍል ይጨመር።

«ወይዘሮ ትርሲት፣ ምጥ የያዛት ሴት ያን ሁሉ መንገድ ለምን ትሄዳለች?» አለኝ። «ይህን ንድፍ ያወጣው ሰው ምጥ አይቶ አያውቅም።»

የአዴ ጫልቱን ቃል ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ። የተዘጋጀ መልስ ነበረው፤ ተቋራጩ ሜዳውን በየካቲት አስቆፍሮ መሬቱ ደረቅና ጠንካራ ሆኖ ተገኝቷል። ማዳበሪያ ጆንያዎቹ የሄዱበት መሥሪያ ቤት ደወልኩ፤ ፈልገን አጣነው አሉኝ። አማራጭ ሳጣ ጨለለቂ፣ ኦቦ ገመቹ ቤት ሄድኩ። በምርኩዝ ነበር የሚሄዱት። በማግስቱ ባጃጅ ይዤ አቶ ደረጀ ቢሮ አመጣኋቸው።

ናኦልም ተጠርቶ መጣ። እጅ ነሥቶ ወንበር ሳበላቸው።

«አባቴ፣ ያኔ የአፈር ምርመራ አድርጋችሁ ነበር?» አላቸው።

«አላደረግንም። የኖሩበትን ሰዎች ጠየቅን።»

«እኔ የተቆፈረ ጉድጓድ ውጤት አለኝ። በእሱ ፈንታ ምን ልጻፍ?»

«ምንም አትጻፍ። እስከ ሐምሌ ጠብቅና ሄደህ እየው። በክረምት የሚመጣን ነገር በየካቲት አታገኘውም።»

አቶ ደረጀ ጣልቃ ገባ። «ኦቦ፣ ሥራው እስከ ሰኔ ካልተጀመረ በጀቱ ይመለሳል። ይህን እርስዎም ያውቁታል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ሜዳው ላይ አይሠራም የሚል በውሉ ውስጥ የት አለ?»

«ከውሉ እንዲወጣ ያዘዙት እርስዎ ነዎት» አልኩት።

አቶ ደረጀ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ወይዘሮ ትርሲት፣ ያለፈውን አናንሣ። እኔ የምፈርመው በእጄ ላለው ወረቀት ነው» አለ።

ፈረመ። የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ሲመጣልኝ «በሰፊው ተወያይተን ተስማምተናል» ይላል። አልፈርምም ብዬ መለስኩት። ያለ እኔ ፊርማ ጸደቀ፤ ሳምንት ሳይሞላም ከውል ክፍል ወደ ንብረት ክፍል ተዛወርኩ።

ማቆያው ተሠራ። ያማረ ቤት ነበር፤ ይህን አልክድም። የመጀመሪያው ክረምት ዝናቡ ሳስቶ በሰላም አለፈ። ናኦል ንብረት ክፍል ድረስ መጥቶ «አዩ፣ ምንም አልሆነም» አለኝ። ሊያሾፍብኝ አልነበረም፤ ደስ እንዲለኝ ብሎ ነው። እኔም ከልቤ ደስ አለኝ። አዴ ጫልቱ ተሳስተው ቢሆን ምን ነበረበት ብዬ ተመኘሁ።

በሁለተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናቡ ቀናት ሙሉ ሳያባራ ቆየ። አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ፤ ናኦል ነው። ምን እንደሚል መጀመሪያ አልገባኝም፤ ልቅሶው ቃሉን ይውጠው ነበር። «ወረደ» ይላል፤ «ወረደ፣ ወረደ።» ኮረብታው ለቅቆ ነበር። ሴቶቹ ማድቤት ውስጥ ቁርስ ሲያበስሉ ጭቃው የኋላውን ግድግዳ ገፍቶ ገባ። በር በኩል የነበሩት አመለጡ። ሁለት ሰው ከጭቃው ሥር ቀረ። አንዷ ምግብ አብሳይዋ ናት። ሌላዋ ቦንቱ የምትባል የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ሴት፣ የአዴ ጫልቱ የልጃቸው ሚስት።

አጣሪ ኮሚቴ ወረደ። ሪፖርቱን አንብቤዋለሁ። ሥራው በውሉና በጸደቀው ለውጥ መሠረት መከናወኑን፣ የአፈር ምርመራ መደረጉን፣ ተቃውሞ ስለመኖሩ በፋይሉ ውስጥ ምንም አለመገኘቱን ይዘረዝርና «የተፈጥሮ አደጋ» ብሎ ይዘጋል። መጨረሻው ላይ ምክር አለው፤ ለወደፊቱ የንድፍ ውሳኔዎች ከነምክንያታቸው ቢሰነዱ መልካም ነው ይላል። ይህን ምክር ተከትሎ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሥልጠና ተሰጠ። ሥልጠናውን የከፈተው አቶ ደረጀ ነው። የውሳኔን ምክንያት መጻፍ ዘመናዊ አሠራር መሆኑን ሲያስረዳ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሰማሁት። እሱ ብዙም ሳይቆይ ከፍ ወዳለ ቦታ ሄደ። ናኦል ግን ሥራውን ተወ። ሊሰናበተኝ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ «አንድ መስመር ብቻ አግኝቼ ቢሆን አልነካውም ነበር» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ እሱ የተማረው ከወረቀት ማንበብን ነው፤ እኛ ደግሞ ነጭ ወረቀት ነው የሰጠነው። አሁን አዲስ አበባ የሴራሚክ ሱቅ ውስጥ ይሠራል ይሉኛል።

ኦቦ ገመቹን ላጽናና ጨለለቂ ስሄድ በሬዲዮ ሰምተው ኖሯል። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ያቺ የነገረችን ሴት በሕይወት አለች?» አሉኝ።

«እሳቸው አሉ። የሞተችው የልጃቸው ሚስት ናት።»

እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ገብቶ ባዶውን ወጣ።

«መልሼ እኮ ነግሬያታለሁ» አሉ። «አንቺም አንብበሽላታል። ዝም ብለን ሰምተን ብንሄድ ይሻላት ነበር፤ አታምነንም ነበር።»

በሚቀጥለው ዓመት ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ ስለ ደግነታቸው ብዙ ተባለ፤ ስለ ሥራቸው ግን የተናገረ ሰው አልነበረም።

አዴ ጫልቱ ጋ ወዲያው አልሄድኩም። የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ በምን ፊት? ልክ ጡረታ እንደወጣሁ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ቤታቸውን ስጠይቅ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ቡና እያሰጡ አገኘኋቸው። ማንነቴን ከመናገሬ በፊት አወቁኝ።

«አካም ጂርታ፣ ኢንተለ ኮ» አሉ። እንዴት ነሽ፣ ልጄ ማለት ነው። ልጃቸው ልሆን የምችል አይደለሁም፤ ግን እንዲያ አሉኝ። በርጩማ አቀረቡልኝ፤ እርጎ ቀዱልኝ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ለቅሶ ልድረስ ብዬ እንደመጣሁ ነገርኳቸው። እጄን ይዘው አብረውኝ አለቀሱ። ትንሽ ቆይቼ ጠየቅኳቸው፤ መጠየቅ አልነበረብኝም።

«አዴ፣ ሜዳውን እርስዎ ያውቁት ነበር። ቦንቱ እዚያ እንዴት ገባች?»

«እኔ ነኝ የወሰድኳት» አሉ። «ልጄ እንቢ ብሎ ነበር። በአያቴ በረት ላይ ሚስቴን አስተኛለሁ ወይ አለኝ። እኔ ነኝ ያግባባሁት። ነግሬያቸዋለሁ፣ ጽፈውታል፣ አንብበውልኛል፤ አውቀው ከሠሩበት መሬቱን በሆነ ነገር አሥረውታል ማለት ነው አልኩት። መሐንዲሶች አይደሉ? ተጽፎ አይቻለሁ አልኩት።»

እርጎውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ያስቀመጥኩትን ኩባያ አንሥተው ሞልተው መለሱልኝ።

ስለ ቡናው አወራን። ስለ ልጃቸውም፤ ሌላ አላገባም፣ ብቻውን ይኖራል። ልሄድ ስነሣ እስከ መንገዱ ሸኙኝ። በመንገድ ላይ የምለው ሳጣ አዲስ የሚሠራ ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አለ አሉ። ወንዙ ላይ ድልድይ ሊሠራ ባለፈው ወር ወጣቶች መጥተው አዳራሹ ውስጥ ሰብስበዋቸው ነበር። ጨዋ ልጆች ናቸው አሉ፤ ኮምፒዩተር ይዘው፣ ሴቶቹን ፊት አስቀምጠው፣ ወንዙ እስከ የት እንደሚሞላ፣ የቱ ጋ እንደሚሻል ጠየቁ።

«ምን አላችኋቸው?» አልኩ።

«እኔን ነበር ሁሉም የሚያየው። አልተነሣሁም። እኔ ሳልነሣ ማንም አልተነሣም።»

«አዴ፣ ወንዙን እኮ ታውቁታላችሁ።»

«እናውቀዋለን» አሉ። አውቶቡሱ ከኩርባው ብቅ ብሎ ነበር፤ እጃቸውን አውጥተው አስቆሙልኝ። «እናንተ ያላችሁት ይሁን አልናቸው። ሲጨርሱ አጨበጨብንላቸው።»